ያው ስልክ፣ ሁለት ዋጋ፦ ፍራንክፈርት 1,299 ዩሮ፣ ሜሪላንድ 1,099 ዶላር

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው። አይፎን 17 ፕሮ ልገዛ አስቤ ዋጋ ሳይ እዚህ 1,299 ዩሮ ነው። እሱ ጋ 1,099 ዶላር ነው። ዩሮው ወደ ዶላር ሲመነዘር ልዩነቱ ከ400 ዶላር ያልፋል። ሁለቱም ከእስያ ፋብሪካ የወጡ ናቸው። አውሮፓ ስለምንኖር እየተዘረፍን ነው ማለት ነው? ወንድሜ ለገና ሊጠይቀኝ ሲመጣ ይዞልኝ ቢመጣስ ያዋጣኛል?

መልስ፦ አጭሩን ላስቀድም። እየተዘረፉ አይደለም። ግን ጥርጣሬዎም ከመሬት የተነሣ አይደለም። ከልዩነቱ ግማሽ ያህሉ ታክስ ነው። ሌላው ግማሽ ምንዛሪ፣ ሕግና የአምራቹ ግምት ተደባልቀው የፈጠሩት ነው። ወንድምዎ ይዞልዎት ቢመጣና ጉምሩክ ላይ የሚገባውን ቢከፍሉ የሚተርፍዎት ከ100 ዩሮ ብዙም አይበልጥም። ለዚያች ገንዘብ ብለው ደግሞ የሚያጡት ነገር አለ። እኔ ብሆን እዚያው ጀርመን እገዛለሁ፤ ግን በ1,299 አልገዛም። ምክንያቱን ቀስ ብለን እንየው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ፣ እነዚያ ሁለት ቁጥሮች እንዳሉ አይወዳደሩም። አውሮፓ ውስጥ ለሸማች የሚለጠፍ ዋጋ ቫትን ጨምሮ መሆን አለበት። ይህን በ1998 የወጣ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ያዝዛል። ስለዚህ ያዩት 1,299 ዩሮ ካሸር ጋ ሲደርሱ የሚከፍሉት የመጨረሻው ዋጋ ነው። አሜሪካ ግን የሚለጠፈው ከታክስ በፊት ያለው ዋጋ ነው። ታክሱ የሚመጣው ሒሳብ ሲዘጋ ነው። አሜሪካ አገር አቀፍ ቫት የላትም። የሽያጭ ታክስ የሚጥሉት ግዛቶች ናቸው፤ በብዙ ቦታ ደግሞ ካውንቲና ከተማ የራሳቸውን ይደርቡበታል። ለመላው አገር አንድ ዋጋ ማስተዋወቅ የሚፈልግ ኩባንያ ታክሱን ትቶ ከማስተዋወቅ ሌላ ምርጫ የለውም።

አሁን ታክሱን እናውጣው። ጀርመን ውስጥ ቫት 19 በመቶ ነው። 1,299ን ለ1.19 ሲያካፍሉት 1,092 ዩሮ ገደማ ይመጣል። የቀረው 207 ዩሮ ለመንግሥት የሚሄድ ነው። ስልኩ ሴፕቴምበር 2025 ገበያ ሲወጣ አንድ ዩሮ 1.17 ዶላር አካባቢ ነበር። በዚህ ሒሳብ የጀርመኑ ዋጋ ከታክስ በፊት 1,277 ዶላር ይሆናል። የአሜሪካው 1,099 ነው። ልዩነቱ 178 ዶላር።

ወንድምዎም ቢሆን 1,099 ከፍሎ ከሱቁ አይወጣም። ሜሪላንድ 6 በመቶ ትወስዳለች። ደረሰኙ ላይ 1,165 ዶላር ገደማ ይመጣበታል። እርስዎ የሚከፍሉት 1,299 ዩሮ ደግሞ 1,520 ዶላር ነው። ከኪስ በሚወጣው ገንዘብ ሲታይ ልዩነቱ 421 ሳይሆን 355 ዶላር ነው ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 177ቱ የሁለቱ ታክሶች ልዩነት ነው። የቀረው 178 ሌላ ታሪክ ነው። ግማሽ በግማሽ ያልኩት ለዚህ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ይህ ስሌት ወንድምዎ ሌላ ግዛት ቢኖር ይለወጥ ነበር። ኦሪገን፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሸርና ደላዌር የሽያጭ ታክስ የላቸውም። ካሊፎርኒያ መነሻው 7.25 በመቶ ነው፤ ብዙ ከተሞች ውስጥ ከዚያም ያልፋል። ሜሪላንድ ያሉ ሰዎች ውድ ዕቃ ሲፈልጉ መኪና አስነስተው ደላዌር የሚሄዱት ለዚህ ነው። ሕጉን በጥብቅ ካየነው፣ ዕቃውን ይዘው ሲመለሱ ለራሳቸው ግዛት ታክሱን ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል። ስንቱ እንደሚያደርገው ግን እርስዎም እኔም እንገምታለን። ኢንተርኔት ላይ መግዛትም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበር። አንድ ነጋዴ በግዛቱ ውስጥ ሱቅ ወይም መጋዘን ከሌለው ታክስ እንዲሰበስብ አይገደድም ነበር። በጁን 2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳውዝ ዳኮታ ግዛትና ዌይፌር በተባለ የኢንተርኔት ሱቅ ክርክር ይህን ለወጠው። ስለዚህ ከ2018 በፊት የተጻፉ የዋጋ ንጽጽሮችን ሲያነቡ ጥንቃቄ ያድርጉ። ያኔ አሜሪካዊው ብዙ ጊዜ ታክስ ሳይነካው ይገዛ ነበር። ዛሬ ያ ቀዳዳ በአብዛኛው ተደፍኗል።

አውሮፓም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ሉክሰምበርግ 17 በመቶ፣ ፈረንሳይ 20፣ ጣሊያን 22፣ ስዊድንና ዴንማርክ 25፣ ሃንጋሪ 27። ሉክሰምበርግ ከፍራንክፈርት ሩቅ አይደለችም፣ ሄጄ ልግዛ እንዳይሉ፤ ትርፉ ነዳጁን አይመልስም።

ወደዚያች 178 ዶላር እንመለስ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የወጡትን ፕሮ ስልኮች እንይ። አሜሪካ ውስጥ አይፎን 13 ፕሮ፣ 14 ፕሮ እና 15 ፕሮ ሦስቱም መነሻ ዋጋቸው 999 ዶላር ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ዋጋው ንቅንቅ አላለም። ጀርመን ውስጥ ግን በ2021 የ13 ፕሮ ዋጋ 1,149 ዩሮ ነበር። በ2022 14 ፕሮ 1,299 ዩሮ ገባ። በ2023 15 ፕሮ 1,199 ሆነ። በአንድ ዓመት 150 ዩሮ ተጨመረ፣ በሚቀጥለው 100 ተቀነሰ። ቫቱ በሦስቱም ዓመት ያው 19 በመቶ ነው።

ምን ተፈጠረ? ዩሮ ወደቀ። በ2021 ስልኩ ሲወጣ አንድ ዩሮ 1.18 ዶላር አካባቢ ነበር። በ2022 የዩክሬን ጦርነት፣ የጋዝ ዋጋና የአሜሪካ የወለድ ጭማሪ ተደራርበው ዩሮን ከአንድ ዶላር በታች አወረዱት። እንዲህ ያለ ነገር ለ20 ዓመት ገደማ አልታየም ነበር። የ14 ፕሮ ዋጋ የወጣው ልክ በዚያ ሰሞን ነው። አሁን ሦስቱንም ዋጋዎች ታክሳቸውን አውጥተን ወደ ዶላር እንመንዝራቸው። የ2021ዱ 1,139 ዶላር ይመጣል። የ2022ቱ 1,090 ገደማ። የ2023ቱ፣ ዩሮ 1.07 ላይ ሳለ፣ 1,078።

አስተውለው ይዩት። ጀርመናዊው 150 ዩሮ በተጨመረበት ዓመት ኩባንያው በዶላር ያገኘው ካለፈው ዓመት ያነሰ ነበር። ገዢው «ዋጋ ጨመሩብን» ብሎ ሲያማርር፣ ካሊፎርኒያ ያለው የሒሳብ ክፍል ደግሞ «አውሮፓ ቀነሰብን» ይል ነበር። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እኔ ሥራዬ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ማውጣት ስለሆነ ይህ ከውስጥ እንዴት እንደሚታይ ልንገርዎት። ዋናው ሒሳብ የሚሠራው በዶላር ነው። የክፍሎቹ ዋጋ፣ የፋብሪካው ክፍያ፣ የባለአክሲዮኖቹ ሪፖርት ሁሉ በዶላር ነው። የዩሮው ዋጋ ግን አንዴ ከወጣ ለዓመት ያህል አይነካም። ዩሮ በመሃል ቢወድቅ ጉዳቱ የአምራቹ ነው። ስለዚህ ገና ከመነሻው መጠባበቂያ ይደረብበታል። ዩሮ ካልወደቀ ያ መጠባበቂያ ትርፍ ሆኖ ይቀራል። ዩሮ ከተነሣ ደግሞ ትርፉ ይሰፋል።

በ2025 የሆነው ይኸው ነው። ዓመቱ ሲገባ ዩሮ 1.03 ዶላር አካባቢ ነበር። ሴፕቴምበር ላይ 1.17 ደረሰ። ያ 1,092 ዩሮ በጃንዋሪው ምንዛሪ ቢሰላ 1,125 ዶላር ገደማ ነው፤ ከአሜሪካው ዋጋ ጋር ያለው ልዩነት ወደ 25 ዶላር ይወርዳል። በሴፕቴምበሩ ሲሰላ ነው 178 የሚሆነው። ስለዚህ ከታክስ ውጭ ያለው ልዩነት ትልቁ ክፍል በዘጠኝ ወር ውስጥ ከምንዛሪ ገበያ የመጣ ነው። ኩባንያው ዩሮ ሲወድቅ ዋጋ ለመጨመር እንደቸኮለው፣ ዩሮ ሲነሣ ለመቀነስ አልቸኮለም። ዋጋ ሲወጣ በሊፍት ነው፣ ሲወርድ በደረጃ። ቅሬታዎ ቦታ ካለው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ አዲስ ዕቃ የገዛ ሸማች ቢያንስ የሁለት ዓመት ሕጋዊ ዋስትና አለው። ይህ ከ1999ኙ መመሪያ የመጣ ነው፤ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ በአዲስ መመሪያ ተጠናክሯል። ተጠያቂው አምራቹ አይደለም፤ የሸጠልዎት ሱቅ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዕቃው ከተበላሸ፣ ሲሸጥ ጤነኛ እንደነበር ማስረዳት የሻጩ ፈንታ ነው። ኢንተርኔት ላይ ከገዙ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ ያለምንም ምክንያት መመለስ ይችላሉ። አሜሪካ ውስጥ ለመላው አገር የሚሠራ እንዲህ ያለ የሁለት ዓመት ግዴታ የለም። የተለመደው የአምራቹ የአንድ ዓመት ዋስትና ነው። ከዚያ በላይ የፈለገ ከፍሎ ይገዛል።

ይህ ለሻጩ ወጪ ነው፤ ወጪ ደግሞ ዋጋ ውስጥ ይገባል። ስንት በመቶ እንደሆነ ግን ከዕቃ ዕቃ ይለያል። በቀላሉ ለማይበላሽ ዕቃ ኢምንት ነው። አምራቾችም ይህን ዋስትና ጮክ ብለው አይናገሩትም። ጣሊያን ውስጥ የውድድር ባለሥልጣኑ በ2011 መጨረሻ አፕልን 900,000 ዩሮ ቀጥቶታል። ጥፋቱ ሸማቾች በሕግ በነጻ ያላቸውን የሁለት ዓመት መብት በቅጡ ሳይነግር ተጨማሪ ዋስትና በገንዘብ መሸጡ ነበር። ስለዚህ እርስዎም ተጨማሪ ዋስትና ግዙ ሲባሉ፣ ከሕጉ በላይ ምን እንደሚሰጥዎት ይጠይቁ።

ትናንሽ ክፍያዎችም አሉ። ጀርመን ስልክ ላይ ለሙዚቃና ለፊልም መብት ባለቤቶች የሚሄድ ወደ 6 ዩሮ የሚጠጋ ክፍያ ትሰበስባለች። ያረጀ ኤሌክትሮኒክስ ለመሰብሰቢያ የሚከፈልም አለ። ሁሉም ቢደመሩ የልዩነቱን ቁራሽ እንጂ ዋናውን አያስረዱም።

ቀረጥስ? ብዙ ሰው አውሮፓ ስልክ ላይ ከባድ ቀረጥ ትጥላለች ብሎ ያስባል። አትጥልም። በ1996 በዓለም ንግድ ድርጅት ጥላ ሥር በተፈረመው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ስምምነት ምክንያት ስልክና ኮምፒውተር ያለ ቀረጥ ይገባሉ። ቴሌቪዥን ግን ሌላ ነው። ከውጭ በሚገባ ቴሌቪዥን ላይ የአውሮፓ ኅብረት ቀረጥ 14 በመቶ ነው። ሳምሰንግ ስሎቫኪያና ሃንጋሪ ውስጥ፣ ኤልጂ ፖላንድ ውስጥ ቴሌቪዥን መገጣጠም የጀመሩት በከፊል ለዚህ ነው። አሜሪካ የሚሸጠው ቴሌቪዥን ደግሞ ብዙው ሜክሲኮ ተገጣጥሞ በነጻ ንግድ ስምምነቱ በኩል ይገባል። ካሜራ የሚወድዱ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ያስታውሳሉ። ብዙ የፎቶ ካሜራዎች ለዓመታት ቪዲዮ ሲቀርጹ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ቀጥ ይሉ ነበር። መሣሪያው አቅም አጥቶ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ 30 ደቂቃ መቅዳት የቻለ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር ነው። አንዲት የጉምሩክ አንቀጽ የመላው ዓለምን ካሜራ አሳጠረች።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ወጪ ነው። ወጪ ያልሆነም አለ። ኩባንያዎች ዋጋ የሚያወጡት «ስንት አወጣሁበት» ብለው ብቻ አይደለም፤ «እዚህ ያለው ገዢ ስንት ይከፍላል» ብለውም ነው። አሜሪካ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ገንዘብ፣ አንድ ዓይነት ሶኬት ያለው ግዙፍ ገበያ ነው። ትልልቅ ቸርቻሪዎች አምራቹን ጠምዝዘው ዋጋ ያስቀንሳሉ። የአውሮፓ ኅብረት 27 አገርና 24 የሥራ ቋንቋ ነው። የጀርመን የኮምፒውተር ኪቦርድ ከፈረንሳዩ ይለያል፣ የፈረንሳዩ ከስፔኑ። መጋዘን ውስጥ አንድ ዓይነት ኮምፒውተር ሳይሆን ብዙ ዓይነት ኮምፒውተር ይቀመጣል። በዚያ ላይ አሜሪካ ውስጥ 999 ወይም 1,099 የሚባለው ቁጥር የማስታወቂያ ጦርነት ሜዳ ነው። እሱን መንካት ማንም አይፈልግም። ስለዚህ ጭማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ሌላው ዓለም ነው።

አንድ ብልጥ ነጋዴ ታዲያ ለምን አሜሪካ በርካሽ በኮንቴይነር ገዝቶ ሐምቡርግ አያራግፍም? ልዩነቱ ራሱ ይጠፋ ነበር እኮ። የሚከለክለው የንግድ ምልክት ሕግ ነው። በ1998 የአውሮፓ ፍርድ ቤት የወሰነው አንድ ጉዳይ አለ። ሲልሁት የተባለ የኦስትሪያ መነጽር አምራች ፋሽን ያለፈባቸውን 21,000 የመነጽር ፍሬሞች ቡልጋሪያ ውስጥ እንዲሸጡለት ሰጠ። ቡልጋሪያ ያኔ የኅብረቱ አባል አልነበረችም። ሃርትላወር የተባለ ርካሽ ሻጭ ያንኑ ዕቃ ገዝቶ መልሶ ኦስትሪያ አስገባው። ዕቃው እውነተኛ ነው፤ ፎርጅድ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ግን የምልክቱ ባለቤት ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውጭ የሸጠውን ዕቃ ያለፈቃዱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ መከልከል ይችላል አለ።

መነጽር ነው ብለው አይናቁት። ኤሌክትሮኒክስ ላይም የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው። ሶኒ የእጅ መጫወቻውን ፒኤስፒን በ2004 መጨረሻ ጃፓን አወጣ፤ አውሮፓ ግን እስከ ሴፕቴምበር 2005 አልደረሰም። ሊክ ሳንግ የሚባል የሆንግ ኮንግ የኢንተርኔት ሱቅ በዚያ መሃል ለአውሮፓ ደንበኞች ይልክ ነበር። ሶኒ ለንደን ውስጥ ከሰሰው። በኦክቶበር 2006 ሶኒ ረታ፤ ሱቁም በዚያው ወር ተዘጋ። እርስዎ ለራስዎ አንድ ስልክ ይዘው ቢገቡ ማንም አይነካዎትም። ሺህ ስልክ አስገብተው ሊሸጡ ከሞከሩ ግን ጠበቃ ያገኝዎታል። በአውሮፓና በአሜሪካ ዋጋ መካከል ያለው ግድግዳ የሚቆመው በዚህ ነው።

በኅብረቱ ውስጥ ግን ሕጉ ለሸማች ያደላል። በጁላይ 2018 የአውሮፓ ኮሚሽን አሱስን፣ ዴኖን ኤንድ ማራንትዝን፣ ፊሊፕስንና ፓዮኒርን በአንድ ላይ ከ111 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቀጥቷል። ጥፋታቸው የኢንተርኔት ነጋዴዎች በፈለጉት ዋጋ እንዳይሸጡ ማስፈራራት ነበር። አንዱ ሻጭ ዋጋ ሲቀንስ ደውለው «መልሰህ ስቀል» ይሉት ነበር። ሌሎቹ ሻጮች ደግሞ የዋጋ መከታተያ ሶፍትዌር ስለሚጠቀሙ፣ የአንዱ መጨመር ሌሎቹንም ይጎትት ነበር። እንግዲህ «የአውሮፓ ዋጋ ውድ ነው» ከሚባለው ውስጥ ይህን መሰሉም ነበረበት።

ደግሞ ሁልጊዜ አውሮፓ አይወደድም። ጌም የሚጫወት ልጅ ካለዎት ይህን ይጠይቁት። ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 ሲወጣ አሜሪካ 499 ዶላር፣ አውሮፓ 499 ዩሮ ነበር። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ሰው «ዩሮ ስለሚበልጥ ተበላን» አለ። በኦገስት 2022 ዩሮና ዶላር እኩል ሲሆኑ ግን ያንን 499 ዩሮ ከጀርመን ቫት ሲያጠሩት 420 ዶላር ገደማ ነበር። አውሮፓዊው ከታክስ በፊት ከአሜሪካዊው 80 ዶላር ያህል ቀንሶ ነው የሚገዛው። ሶኒ በዚያው ወር የአውሮፓን ዋጋ ወደ 549 ከፍ አደረገ፤ የአሜሪካን አልነካም። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በኦገስት 2025፣ አሜሪካም 549 ዶላር ገባ። ያኔ ከታክስ በፊት ሁለቱ ተቀራረቡ። ኒንቴንዶ ስዊች 2ም በጁን 2025 ሲወጣ አሜሪካ 450 ዶላር፣ አውሮፓ 470 ዩሮ ነበር። ቫቱን አውጥተው በዚያ ወር ምንዛሪ ቢያሰሉት እኩል በእኩል ይመጣል። አሜሪካ በዚያ ዓመት የጣለችው አዲስ ቀረጥ ነገሩን እንዳወሳሰበው መቼም ሰምተዋል። ስልክና ኮምፒውተር ከዋናው ጭማሪ በኤፕሪል 2025 ነጻ ሲደረጉ የጌም መሣሪያዎች አልተካተቱም።

አሁን ወደ ወንድምዎ። በአውሮፕላን ከኅብረቱ ውጭ የሚገባ መንገደኛ ያለ ክፍያ የሚያስገባው ዕቃ እስከ 430 ዩሮ ነው። ስልኩ ከዚያ ያልፋል። አንድ ዕቃ ደግሞ አይከፋፈልም፤ ታክሱ የሚሰላው በሙሉ ዋጋው ላይ ነው። ቀረጥ የለበትም፤ 19 በመቶው ቫት ግን አለበት። 1,165 ዶላር ወደ 995 ዩሮ ነው። 19 በመቶው 189 ዩሮ ይመጣል። ድምሩ 1,184 ዩሮ ገደማ። ከ1,299 ጋር ሲያነጻጽሩት የሚተርፍዎት 115 ዩሮ ነው። ደላዌር ሄዶ ከገዛ 180 ይደርሳል። በፖስታ «ስጦታ» ብሎ ቢልከውስ? ከሰው ለሰው የሚላክ ስጦታ ነጻ የሚሆነው እስከ 45 ዩሮ ብቻ ነው። «የራሴ ስልክ ነው» ብሎ፣ የሚያሳውቁት ዕቃ የሌላቸው በሚያልፉበት አረንጓዴ በር ቢያልፍስ? የራሱን ስልክ ይዞ መግባት ይችላል፤ ለእርስዎ ትቶት ከሄደ ግን መታወቅ የነበረበት ዕቃ ነው። ከተያዘ ታክሱ ላይ ቅጣት ይጨመርበታል። ለ300 ዩሮ ብዬ ወንድሜን በገና ሰሞን ጉምሩክ ክፍል አላስቀምጥም።

ዕቃው ራሱም ያው አይደለም። አሜሪካ የሚሸጡ አይፎኖች ከ14ኛው ጀምሮ የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢ-ሲም (ስልኩ ውስጥ በተሠራ ዲጂታል ሲም) ብቻ ነው። ጀርመን የሚሸጠው 17 ፕሮ ግን ማስገቢያው አለው። አዲስ አበባ ሲሄዱ የአገር ቤት ሲም ካርድዎን ሰክተው መደወል ከለመዱ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። (ሳውዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኳታርና ኩዌት ያላችሁ አንባቢዎችም ልብ በሉ፤ የእናንተም 17 እንዲሁ ነው።) የሁለት ዓመቱ የሻጭ ዋስትናም ከአሜሪካው ስልክ ጋር አይመጣም። ደግሞ ወንድምዎ ከስልክ ኩባንያ በ36 ወር ክፍያ «በነጻ» የሚሉትን ከወሰደ፣ ስልኩ ሊቆለፍና በጀርመን መስመር አልሠራ ሊል ይችላል። ሲገዛ ሙሉውን ከፍሎ፣ ያልተቆለፈውን መሆን አለበት።

በ1,299 አልገዛም ያልኩት ደግሞ ይህ የአምራቹ መነሻ ዋጋ እንጂ የገበያው ዋጋ ስላልሆነ ነው። ጀርመን ውስጥ ነጋዴዎች እርስ በርስ ይፎካከራሉ። ኢዴያሎ የመሰለ የዋጋ ማወዳደሪያ ላይ ስልኩን ፈልገው የዋጋውን ታሪክ ይመልከቱ። አይፎን ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሳምሰንግ ከወጣ በጥቂት ወር ውስጥ በደንብ ይወርዳል። የሳምሰንግ ነገር ከተነሣ፣ ስም አንድ ሆኖ ሆዱ ሌላ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ጋላክሲ ኤስ24 አሜሪካ በስናፕድራጎን፣ አውሮፓ በሳምሰንግ የራሱ ኤክሲኖስ ፕሮሰሰር ነው የተሸጠው። ዋጋ ከማወዳደርዎ በፊት የሞዴሉን ቁጥር አወዳድሩ።

የመጨረሻው ለእርስዎ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ሊጠይቁዎት ለሚመጡ ወላጅ ወይም ዘመድ ነው። ነዋሪነታቸው ከኅብረቱ ውጭ የሆነ ሰዎች ጀርመን ውስጥ ከ50 ዩሮ በላይ ገዝተው ዕቃውን ይዘው ሲወጡ ቫቱ ሊመለስላቸው ይችላል። እርስዎ ነዋሪ ስለሆኑ አይመለከትዎትም። ደረሰኙና የመላኪያ ፎርሙ በእርስዎ ሳይሆን በእንግዳው ስም መሆን አለበት። ሱቁ ይህን አገልግሎት መስጠቱን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ግዴታ የለበትም። አስመላሹ ድርጅት ኮሚሽን ስለሚቆርጥ 19 በመቶው እንዳለ አይመጣም። ለአገር ቤት ከሆነ ደግሞ የጀርመን ዕቃ አንድ ጥቅም አለው፤ 230 ቮልት ላይ የሚሠራ ስለሆነ እኛ አገር ካለው 220 ጋር ይስማማል፤ ሶኬቱም ይገባል። ከአሜሪካ የሚመጣ የስልክ ቻርጀር ችግር የለበትም፤ ሁለቱንም ይችላል። የአሜሪካ ካውያ ወይም ጁስ መፍጫ ግን ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ እንደተሰካ ይቃጠላል። ፎርሙን ደግሞ ሻንጣ ከማስረከብዎ በፊት፣ ዕቃው በእጅ እያለ፣ ኤርፖርቱ ጉምሩክ ጋ ማህተም ያስመቱበት። ዕቃው ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ከተላከ በኋላ «አሳዩ» ቢሏችሁ የምታሳዩት ነገር አይኖርም፤ ገንዘቡም አይመለስም።